ከደጃፍ የሚጀምር የኅብረተሰብ ትምህርት፦ ለ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል መምህራን

ከጥቂት ዓመታት በፊት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎቼን «የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ማን ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሃምሳው ልጅ በአንድ አፍ «አዲስ አበባ!» አለ። ክፍሉ ተናወጠ። ከፊት የተቀመጠውን ልጅ «አንተስ የት ነው የምትኖረው?» አልኩት። «ገዳም ሰፈር» አለኝ። «ገዳም ሰፈርስ አዲስ አበባ ውስጥ ነው?» ትንሽ አሰበና «አይደለም ቲቸር» አለ።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ያስተማርነውን በትክክል መልሷል። ግን ያስተማርነው ነገር እሱ ከሚኖርበት ሰፈር ጋር አልተገናኘለትም። ለእሱ አዲስ አበባ መጽሐፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ገዳም ሰፈር ደግሞ እናቱ ያለችበት፣ ኳስ የሚጫወትበት ሌላ አገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ለትንንሽ ልጆች የኅብረተሰብን ነገር የማስተምረው ከደጃፋቸው ጀምሬ ነው። በታችኛው ክፍሎች ይህ ትምህርት ብቻውን አይመጣም። «አካባቢ ሳይንስ» ውስጥ ከዕፀዋትና ከእንስሳት ጋር ተደባልቆ ነው የምናገኘው። ስለ ቅጠል ስናስተምር ቅጠል ይዘን እንገባለን። ስለ ሰው ስናስተምር ግን ባዶ እጃችንን ገብተን፣ ሰሌዳ ላይ ጽፈን እናስገለብጣለን። ይሄ ነው መለወጥ ያለበት።

ከዚህ በታች ያለው አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ሳስተምር ሞክሬ የያዘልኝ ነው። ሌላ ቦታ የምታስተምሩ የቦታ ስሞቹን በራሳችሁ ሰፈር ተኩ።

መጀመሪያ የምታዘጋጁት

ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጠመኔ፣ ካኪ ወረቀት፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ አንድ ጣሳ፣ ሁለት እፍኝ ሽንብራና ባዶ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ካርቶኑ የልጆቹ ሥራ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥበት ነው።

አንድ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ካኪ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ። ከላይ በትልቁ «በምን አወቅህ? በምን አወቅሽ?» ብላችሁ ጻፉ። በዓምዶቹ ራስ ላይ ደግሞ «በዓይኔ አየሁ»፣ «ሰው ነገረኝ»፣ «አነበብኩ»፣ «ገመትኩ» ይጻፍ። ልጆቹ በትምህርቱ ውስጥ የሚናገሩት እያንዳንዱ ነገር ከእነዚህ በአንዱ ሥር ይገባል። «ጊዮርጊስ ጋ እርግብ አለ» ያለ ልጅ አይቶ ነው። «ድሮ እዚህ ጫካ ነበር» ያለችው ሰምታ ነው። ግምት ነውር እንዳልሆነ አስረግጣችሁ ንገሯቸው። ነውሩ ግምትን እንዳዩት አድርጎ ማውራት ነው። የዚህን ትምህርት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አስቀሪ ብባል ይቺን ጥያቄ አስቀራለሁ።

1. ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ አስሏቸው

ወረቀት አድሉና «ከቤት ወጥታችሁ እዚህ እስክትደርሱ የምታዩትን ሳሉ» በሏቸው። «ካርታ» የሚለውን ቃል ገና አታንሱ። ማስመሪያም አትስጡ። ቃሉንና ማስመሪያውን ካመጣችሁ ልጆቹ መጽሐፋቸው ላይ ያለውን ካርታ ለመገልበጥ ይሞክራሉ።

የሚመጣውን በጥንቃቄ እዩት። አንዲት ልጅ የሳለችውን እስከዛሬ አልረሳውም። በሯ ላይ ጅራቱ የተቆለመመ ውሻ አለ። ቀጥሎ ሱቅ። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ አራት እጥፍ ይበልጣል፤ በመስኮቱ ማስቲካና ብስኩት አንድ በአንድ ተደርድሯል። ከዚያ ሰማያዊ ታክሲ፣ ረዳቱ ግማሽ አካሉ በመስኮት ወጥቶ። ትምህርት ቤታችን ወረቀቱ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ተስላለች። «ለምን አነሰ?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለዚያች ልጅ የጠዋቱ መንገድ እንደዚያ ነው። በዚህ ቀን ማንንም አታርሙ።

በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ከጎናቸው ካለ ልጅ ጋር ይለዋወጡ። «በዚህ ወረቀት ሄዳችሁ የጓደኛችሁን ቤት ታገኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ ክፍሉ ይቀወጣል። «ይሄ ምንድነው? ዛፍ ነው ወይስ መብራት?» «በየት በኩል ነው የምታጠፈው?» ልጆቹ ራሳቸው ምልክት እንደሚያስፈልግ ይደርሱበታል። መስጊድ በጨረቃ፣ ቤተ ክርስቲያን በመስቀል፣ ዳቦ ቤት በዳቦ ይሁን ይላሉ። ሰሌዳ ላይ አብራችሁ ተስማሙበትና ጻፉት። የምልክት መግለጫ ማለት ይሄው ነው፤ ስሙን አሁን ብትነግሯቸው ይገባቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጡ። ልጆቹ መጀመሪያ በርከክ ብለው ከጎን ያዩታል። ከዚያ ቆመው በትክክል ከላይ ያዩታል። ከላይ ሲያዩት ክብ ብቻ ነው። «የጊዮርጊስ እርግብ በላያችን ስትበር ትምህርት ቤታችንን እንዴት ነው የምታየው?» በሏቸው። ጣሪያችን አራት ማዕዘን እንደሚመስል ሲገባቸው ካርታ የሚለውን ቃል ስጧቸው። ያኔ ቃሉ ማረፊያ አለው።

አቅጣጫን በተመለከተ አዲስ አበባ ታድላለች። እንጦጦ በስተሰሜን ቆሞ ይጠብቀናል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆቹን ፀሐይ ወደምትወጣበት አዙሯቸው። ግራ እጃቸውን ይዘርጉ፤ ሰሜን ነው። ቀና ብለው ተራራውን ይፈልጉት። ሕንፃ ከጋረደባችሁ መንገዱን ጠይቁ። ዳገቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰሜን፣ ቁልቁለቱ ወደ ደቡብ ነው። የከተማችን ሰው «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ጋ አንድ አደራ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ብዙ ቤት ሲፈርስ ብዙ ልጆች ሰፈር ቀይረዋል። አንዳንዶቹ አሁንም ከሩቅ እየመጡ እዚሁ ይማራሉ። ቤት የሚከራዩ ወላጆች ያሏቸውም በየዓመቱ ይዘዋወራሉ። «መንገድህን ሳል» ስትሉ ልጁ የድሮውን ወይም የአሁኑን እንዲመርጥ አስቀድማችሁ ለሁሉም ንገሩ። አንዱን ልጅ ለይታችሁ አትንገሩ። ዝም ብሎ ባዶ ወረቀት የያዘ ልጅ ካያችሁም አትጎትጉቱት። ቀስ ብላችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ።

2. ወንዙን ተከተሉ

ይሄ አጭር ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ግቢ ውስጥ በጠመኔ ረጅም መስመር አስምሩ። ላይኛው ጫፍ ላይ እንጦጦን ጻፉ። ቀበና ከዚያ ይወርዳል። እየወረደ ሄዶ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ ከአዋሽ ይገናኛል፤ አዋሽ አፋርን አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በየቦታው አንድ ልጅ አቁሙና አንድ ኩባያ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይቀባበሉ። መጨረሻ ላይ የቆመው «እኛ ጋ ቆሻሻ የጣለ ሰው ውሃው የት ይደርሳል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ልጆቹን ወደ ወንዙ ይዛችሁ እንዳትወርዱ። ውሃው ለልጅ አይሆንም። ከድልድይ ላይ አይቶ መመለስ ይበቃል።

3. የጊዜ ገመድ ሥሩ

የሰባት ዓመት ልጅ «ድሮ» ሲል ትናንትናም ድሮ ነው፣ አፄ ምኒልክም ድሮ ነው። አንድ ተማሪዬ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ቲቸር፣ ዓድዋ ላይ ነበሩ?» ብሎኛል። ጥያቄው ከልቡ ነበር። ስለዚህ ቁጥር ከማስሸምደዳችሁ በፊት ጊዜን በእጃቸው እንዲይዙት አድርጉ።

መጀመሪያ የራሳቸው ገመድ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ክንድ የሚሆን ሲባጎ ስጡ። በዕድሜው ልክ ቋጠሮ ይቋጥር። አንዱ ቋጠሮ የተወለደበት፣ ሌላው ትምህርት የጀመረበት፣ ሌላው ታናሽ እህቱ የመጣችበት ይሆናል። ቋጠሮውን በጣታቸው እየዳሰሱ ለጓደኛቸው ይተርኩ። መጻፍ ገና ያልቻለ ልጅ እንኳ በዚህ መንገድ የራሱን ታሪክ ሲናገር ትሰማላችሁ።

ቀጥሎ የክፍሉን ገመድ ሥሩ። እዚህ ጋ መለኪያው ይለወጣል። አንድ የእናንተ ስንዝር አሥር ዓመት ይሁን፤ በየስንዝሩ ቋጠሮ አድርጉ። አንዱን ጫፍ በሩ ላይ እሰሩና «ይሄ 2018 ነው» በሉ። ልጆቹ ከበሩ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቁ ነው የሚያልቁት። ስድሳ አምስት ዓመት የሆናቸው አያት ስድስት ተኩል ስንዝር ላይ ናቸው። በእነሱ ማለፍ ነው ወደ ኋላ የምንሄደው።

ከዚያ በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፉትን ነገር ስቀሉበት። አራት ኪሎ አደባባይ ላይ ያለው የድል ሐውልት የሚያስታውሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.ን ነው፤ ስምንት ተኩል ስንዝር ይርቃል። ፒያሳ ያለው የምኒልክ ሐውልት የቆመው በ1923 ነው፤ ዘጠኝ ተኩል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ አሥራ ሦስት ስንዝር። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ስትቆረቆር አሥራ አራት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ልጆቹ አያታቸውን ከሚያመለክተው ቋጠሮ እስከ ዓድዋ በስንዝር ይለኩት። «የአያቴ አያት ዓድዋን ያውቁት ነበር ማለት ነው?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ይሄንን ጥያቄ የሰማችሁ ቀን ትምህርቱ ገብቷል ማለት ነው።

ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል አንድ ተጨማሪ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። ድንቅነሽ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም እንዳለች ብዙዎቹ ሰምተዋል። አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ በ1967 ዓ.ም. ነው የተገኘችው፤ ያ የተከተልነው አዋሽ በሚያልፍበት ሸለቆ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። «እሷን በዚህ ገመድ ላይ ለመስቀል ስንት ስንዝር እንፈልጋለን?» በሏቸው። 320 ሺህ ስንዝር። ስንዝራችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ገመዱ 64 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከክፍላችን በር ወጥቶ፣ በቃሊቲ ወርዶ፣ ቢሾፍቱን አልፎ ወደ ሞጆ ይጠጋል። ቢሾፍቱ ዘመድ ያለው ልጅ መንገዱን ያውቀዋል። ያንን መንገድ ሁሉ በሐሳቡ ገመድ ሲዘረጋበት ፊቱን ብታዩ!

4. ትልልቆችን እንዲጠይቁ ላኳቸው

ጥያቄው ከሦስት አይብለጥ። የእኔዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ልጅ ሳሉ ውሃ የሚቀዱት ከየት ነበር? ምን ይጫወቱ ነበር? ይሄ ሰፈር ስሙን ከየት አገኘ?

ከመላካችሁ በፊት ክፍል ውስጥ አለማምዷቸው። አንዱ ልጅ አያት ይሁን፣ ሌላው ጠያቂ። ጠያቂው መጀመሪያ ሰላም ይላል፤ «እንደምን ዋሉ እማማ» ወይም «ጋሼ፣ ትንሽ ልጠይቅዎት?» ይላል። መልሱን እስኪጨርሱ ያዳምጣል። ሲጨርሱ ያመሰግናል። ይሄ የኅብረተሰብ ትምህርቱ አንድ አካል ነው፤ መሸኛ ጨዋነት ብቻ አይደለም። መጻፍ የማይችሉት በሥዕል፣ የሚችሉት በአንድ ቃል ይመዝግቡ።

«አያታችሁን ጠይቁ» ብላችሁ ግን አትዝጉት። አያት የሌለው፣ ከአክስቱ ጋር የሚኖር፣ እናቱ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለ። «የምታውቁትን አንድ ትልቅ ሰው» በሉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ በር ላይ ጀበና ቡና የሚሸጡት እትዬ፣ ባለሱቁ ሁሉም ይሆናሉ። እኔ ጋ ምርጡን መልስ ያመጣው ዘበኛችንን የጠየቀ ልጅ ነበር።

መልሶቹ ሲመጡ ሰሌዳው ላይ ዘርዝሩ። አንዷ አያት ውሃ የሚቀዱት ከቦኖ ነበር፣ ወረፋው ከንጋት ይጀምር ነበር ይላሉ። ሌላዋ ከምንጭ ነበር ይላሉ። ልጆቹ ወዲያው «አንዷ ተሳስተዋል» ሊሉ ይችላሉ። «ሁለቱም ያደጉት እዚሁ ነው? በአንድ ዘመን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዷ ፒያሳ፣ ሌላዋ ገጠር እንዳደጉ ሲታወቅ ሁለቱም ልክ ይሆናሉ። ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይ፣ ሱዚ ሲዘረዘር ደግሞ እረፍት ሰዓት ወጥታችሁ ተጫወቱት።

የሰፈር ስም ነገር ለግድግዳው ሠንጠረዥ ሁነኛ ማሠልጠኛ ነው። «ለገሃር» ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ፣ «ፒያሳ» ደግሞ ከጣሊያንኛው አደባባይ የመጡ ቃላት ናቸው። ይሄ በመዝገበ ቃላት ይረጋገጣል፤ «አነበብኩ» ሥር ይገባል። እሪ በከንቱ ግን ሌላ ነው። አንዱ ልጅ «ሌባ ሲዘርፍ ቢጮኹ የሚደርስ ስላልነበረ ነው» የሚል ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ሌላ ታሪክ ይዞ ይመጣል። ሁለቱንም «ሰው ነገረኝ» ሥር ጻፉና ተዉት። አንዱን እንድትመርጡ ይለምኗችኋል። እሺ አትበሉ። ልጅ በዚህ ዕድሜው ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን መሸከምን ቢለምድ ትልቅ ሰው ሲሆን የሰማውን ሁሉ አይውጥም።

አንዳንዴ ከባድ ነገር ይመጣል። አንድ ልጅ አያቱ በቀይ ሽብር ወንድማቸውን እንዳጡ ይዞ መጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አመሰገንኩት፤ «አያትህ ይሄን ስለነገሩህ ያምኑሃል ማለት ነው» አልኩት፤ አላብራራሁም፣ አልዘለልኩትምም። በዕለቱ ከሰዓት ወደ ቤት ደውዬ አያትየው ታሪኩ ክፍል ውስጥ መነገሩን እንዲያውቁ አደረግሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

5. በሽንብራ ዕቁብ ጣሉ

ስለ ገንዘብ፣ ስለ ደንብና ስለ መተማመን ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም። ልጆቹን በስድስት በስድስት መድቡ። እያንዳንዱ ልጅ አሥራ ሁለት ሽንብራ ይያዝ። እያንዳንዱ ቡድን ዳኛና ጸሐፊ ይምረጥ። በየዙሩ ሁሉም ሁለት ሁለት ሽንብራ ጣሳ ውስጥ ይጥላል፤ አሥራ ሁለት ይሆናል። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ ይወጣል። የወጣለት አሥራ ሁለቱን ይወስዳል። ስድስት ዙር።

ስድስተኛው ዙር ሲያልቅ ሁሉም በእጁ አሥራ ሁለት ሽንብራ አለው። እንግዲህ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እጇ ላይ ያለውን ቆጥራ ቆጥራ «ቲቸር፣ የሰጠሁትን ነው የተመለሰልኝ። ታዲያ ምን አተረፍን?» አለች። መልሱን አልሰጠኋትም። «አንድ ኳስ አሥራ ሁለት ሽንብራ ቢሆን፣ በሳምንት ሁለት ሁለት ብቻ የምታገኚ ቢሆን፣ መቼ ትገዢዋለሽ?» አልኳት። «ከስድስት ሳምንት በኋላ።» «መጀመሪያ የደረሰውስ?» ከኋላ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «እሱማ ዛሬውኑ!» አለ። ከዚያ ክርክሩ ቀጠለ። መጨረሻ የደረሰው ምን ተጠቀመ? አንዱ «ብቻውን ቢሆን ይበላው ነበር» አለ። አብዛኞቹ እናቶቻቸው ዕቁብ የሚጥሉ ናቸው። ያን ቀን እናቶቻቸው የሚሠሩት ሥራ በትምህርት ቤት ቋንቋ ሲነገር ሰሙት።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አንዱን ልጅ በስውር «መጀመሪያ ከደረሰህ በሦስተኛው ዙር መጣል አቁም» በሉት። ቁጣው ሲነሳ ዳኛው ምን ያድርግ? ዋስ ይጠራ? ይታገሡት? እናቱ ታማ ከሆነስ? ደንቡን ራሳቸው ይጻፉት። በኋላ ስለ ወረዳ፣ ስለ ክፍለ ከተማ፣ ስለ መንግሥት ስታስተምሩ ወደዚህ ደንብ ትመለሳላችሁ። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ክፍለ ከተሞች አሏት ብሎ ስማቸውን ማስሸምደድ ይቻላል። «እዚያ ያሉት ሰዎች ምንድነው የሚሠሩት?» ለሚለው ግን የሽንብራው ዳኛ ነው መልስ የሚሆነው። ቦታ ካላችሁ ዕድርንም ጨምሩ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ጥሩምባውን ሁሉም ያውቁታል።

ሂሳቡ ካለቀ በኋላ ሽንብራውን ቆጥራችሁ ሰብስቡ። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ የሚከት ልጅ አለ።

6. ይዛችኋቸው ውጡ

ከፒያሳና ከአራት ኪሎ የሚቀርብ ብዙ ነገር አለ። የምኒልክ ሐውልት፣ ጊዮርጊስና በየካቲት 2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተያይዘው ነው ያሉት። አንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ። ሦስቱንም በአንድ ጠዋት ያየ ልጅ አንዱንም አላየም።

የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ከሳምንት በፊት ይላክ። ለአሥር ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ወላጆችን ጥሩ፣ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እጅ ለእጅ ይያያዙ፤ ያ ጥንድ እስኪመለሱ አይለወጥም። አስፋልት ስትሻገሩ አንዱ ትልቅ ሰው መሐል መንገድ ላይ ይቁም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አትውጡ፣ መንገዱ የሥራ መግቢያ ሰው ይሞላዋል። ውሃና ዳቦ ይያዝ። ሽንት ቤት ከመውጣታችሁ በፊት።

ሐውልቱ ጋ ስትደርሱ ንግግር አታድርጉ። ሦስት ነገር እንዲፈልጉ ብቻ ንገሯቸው፦ ፈረሱ በስንት እግሩ ነው የቆመው? ፊቱ ወደየት አቅጣጫ ነው? ምን የተጻፈ ነገር አለ? ለአቅጣጫው እንጦጦን ይፈልጉ፤ የተለማመዱት ለዚህ ነው። መልሱን እነሱ ይንገሯችሁ። ሲጨርሱ ቁጭ አድርጓቸውና ይሄን ንገሯቸው፦ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ይሄን ሐውልት አውርደውት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። «ሰው ሐውልት ለምን ያወርዳል? ሌላው ለምን መልሶ ያቆማል?» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ይርዘም። የስምንት ዓመት ልጅ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ያስገርማችኋል።

ትንሽ ወረድ ስትሉ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። እሱም ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ተነስቶ በኋላ ተመልሷል። ጎበዝ ልጅ ሁለቱን ያነጻጽራል፦ አንዱ ለምን ተነሳ፣ ሌላውስ?

7. ቋንቋና ሃይማኖት ላይ

ልጆችን «ብሔርህ ምንድነው?» ብላችሁ በክፍል ፊት አትጠይቁ። ይልቅ «ቤታችሁ ውስጥ ውሃ በምን በምን ይጠራል?» በሉ። ቢሻን፣ ማይ፣ ቢዮ ይመጣሉ። ለመናገር የፈለገ ብቻ ይናገር። ቃሉን ያመጣው ልጅ መምህር ሆኖ ሌሎቹን ያስጠናቸው። በዓላትንም እንደዚሁ፤ የዒድን ነገር የሚያከብረው ልጅ፣ የጥምቀትንም የሚያከብረው ይናገር። እናንተ ጨምራችሁ አታስረዱ።

8. ምዘናና የዓመቱ መዝጊያ

ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የፈተና ወረቀት ማየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፈተናውን አትተዉ። «የዓድዋ ድል መቼ ነው?» የሚለው ይኑር። ከሥሩ ግን «በምን አወቅህ?» ጨምሩና ግማሹን ነጥብ ለእሱ ስጡ። «ቲቸር ስለነገሩኝ» ያለም ነጥብ ያገኛል። ልክ ነው፣ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ሰኔ ላይ የጫማ ካርቶኑን ክፈቱ። መስከረም ላይ የሳሉትን መንገድ አታሳዩአቸው፤ መጀመሪያ እንደ አዲስ ያስሏቸው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ለጥፉ። ሱቁ አንሷል፣ ምልክት መጥቷል፣ ሰሜን ተጽፏል። የዓመቱን ሥራ ከዚህ በላይ የሚያሳያችሁ ነገር የለም። ወላጆች ሰርተፍኬት ሊወስዱ ሲመጡ ቆመው እያዩት ይቆያሉ።

በ2016 ሰኔ ላይ ያ ሱቋ ትልቅ የነበረው ልጅ አዲስ መንገድ ሳለች። ቤታቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ገብተዋል። ሁለት አውቶቡስ፣ ረጅም አስፋልት፣ የሚያንቀላፉ ሰዎች በመስኮት። ትምህርት ቤታችን አጠገብ ስትደርስ ግን በነጠብጣብ መስመር በር፣ ውሻና ሱቅ ሳለች። «ይሄ ነጠብጣቡ ምን ማለት ነው?» አልኳት። «አሁን የሌለ» አለች። ምልክቱን ራሷ ነው የፈጠረችው። «በምን አወቅሽ?» የሚለው እንደ ልማዴ ከአፌ ወጣ። ወደ ግድግዳው ሠንጠረዥ ዞራ አራቱንም ዓምድ አንድ በአንድ አየች። ከዚያ «እዚህ ውስጥ የለም ቲቸር። ኖሬበታለሁ» አለች።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ሠንጠረዡን የማሰምረው በአምስት ዓምድ ነው።